በሁዳዴ የተሰቀለው ቢጫ መድኃኒት

የባለቤቴ አባት እምቢ ካሉ እምቢ ነው። የርብ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ እርሳቸው ደጅ ሲደርስ «ቆይ እስቲ፣ እኒህ ሰውዬ ምን ይሉኝ ይሆን?» ብሎ ዞሮ የሚያልፍ ይመስለኛል። ፎገራ ላይ እንደ እርሳቸው ከብት የሚያውቅ የለም። ላሚቱ ማዶ ሆና ስታዛጋ አይተው የማታ ወተቷን ይለኩታል። ጾማቸው ደግሞ ለብቻው ነው። ሌላው ሰው ሁዳዴን እንደ ሥርዓቱ ይጾማል፤ እርሳቸው ግን ሳይገባ ቀደም ብለው «ጉሮሮዬን ላለማምደው» ብለው ይጀምራሉ፣ ፋሲካ ከመጣ በኋላም እንዲፈቱ ይለመናሉ።

እኔ መጤ ነኝ። ወረታ ባዮሎጂ ለማስተማር ተመድቤ ስመጣ ገና ጢሜ አልጠናም ነበር። ትንሽ ሠርቼ ወደ ሸዋ እመለሳለሁ እያልሁ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ቦታ ላይ አንዲት ልጅ አየሁና እኔም ከመንገዴ ተለየሁ። ይኸው ጸጉሬ ገብስማ ሆነ፣ አልተመለስሁም። አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ያወቅሁት ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቼ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አልናገርም፤ አንደኛው እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ዘመኑ ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት የተደራጀበት ነበር። ገበሬው አንድ ለአምስት፣ አስተማሪው አንድ ለአምስት። ነካሹ ነፍሳትም አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነው የሚመጣብን እል ነበር፤ ቀስ ብዬ ነው የምለው ታዲያ። ሽማግሌው የሚስቴ አባት ደግሞ ከከብቶቻቸው ተለይተው ቤት ውስጥ ማደር አይወዱም፤ በረቱ ደጅ ነው አልጋቸው። እዚያ ሳሉ ነው ከትንኝ የምታንስ፣ ጩኸት እንኳ የሌላት፣ የአሸዋ ዝንብ የሚሏት ሌባ ነክሳቸው የሄደችው።

ትኩሳት ያዛቸው። ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ዋጡ። ትኩሳቱ ሄዶ ተመለሰ፣ ሄዶ ተመለሰ። ክንዳቸውና ጭናቸው እየሟሸሸ፣ ሆዳቸው ግን በግራ በኩል እየገፋ መጣ። ጣፊያቸው ነው። አብጦ አብጦ፣ እርሳቸው ሊቀመጡ ሲሉ እርሱ ቀድሞ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ሦስት ወንበር እናወጣለን፤ አንድ ለእንግዳው፣ አንድ ለእርሳቸው፣ አንድ ለጣፊያቸው። በሳቅ ልናልፈው ሞከርን። የሳቁ ነገር ያበቃው አንድ ጠዋት ከአልጋቸው ተነሥተው ከብቶቹን ሊያዩ ሲሉ፣ ደጁ ድረስ እንኳ መሄድ አቅቷቸው ግድግዳ ይዘው ሲቆሙ ነው። አማቴ (ሚስታቸውን ነው የምለው) አይታቸው ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

በጎንደር መንገድ ይፋግን አልፈን ወደ አንድ ማከሚያ ወሰድናቸው። ካላ አዛር ነው፣ ያች የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው በሽታ፣ ተባልን። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ ያለበት። መዋሸት አይችልም። የዕለት ዕለቱን መርፌ ጀመረላቸው፤ ሰውነታቸው አልቻለውም። ያስታውካቸዋል፣ ልባቸው እንደ ፈረስ ይጋልባል። መርፌውን አስቆመና ከግቢው ውጭ ከጣራ ገዳም ተራራ ትይዩ አቁሞ አናገረኝ።

«መምህር፣ አንድ መድኃኒት ቀርቶናል። መጀመሪያ የተሠራው ለፈንገስ ነው።»

«ሽማግሌው ሻገቱ እንዴ?»

አልሳቀም። የዚህን መድኃኒት ነገር ግን ሲነግረኝ ፊቱ በራ። መድኃኒቱ ድሮ ራቁቱን ነበር የሚሰጠው። ራቁቱን ሲገባ ጠላትንም ወዳጅንም አይለይም፤ ፈንገሱን ይገድልና ኩላሊቱንም ይዞ ይሄዳል። በሽተኛው በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦለት አልጋው ይንቀጠቀጣል። ኋላ ግን ሊቃውንቱ አንድ ብልሃት አመጡ። መድኃኒቱን ከስብ በተሠራች እጅግ ደቃቅ እንክብል ውስጥ ሸሸጉት። ናኖ የሚሉት ልክ ነው። አንድ ሺህ እንክብል ብታሰልፍ የአንድ ጸጉር ውፍረት ቢሆኑ ነው አለኝ። (እኔ ለአማቴ ስነግራት አንድ ሚሊዮን አደረግሁት፤ ለባሏ ቢበዛ ምን ይላል?) እንክብሏ ኩላሊትን ሳትነካ ትሄድና ጣፊያና ጉበት ትደርሳለች። እዚያ ያገኙትን ሁሉ የሚውጡ ሆዳም ሕዋሳት አሉ፤ የካላ አዛር ተውሳክም የሚያደፍጠው በእነርሱው ሆድ ውስጥ ነው። ሆዳሞቹ ስቡን ሲያዩ ይውጡታል፤ መድኃኒቱ ከነልብሱ በጠላቱ ቤት ይገባል።

እኔ ስንት ዘመን ሕዋስ ሳስተምር እንዲህ ያለ ተንኮል ሰምቼ አላውቅም። ደስ ከማለቱ የተነሣ ሐኪሙን ልስመው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ አዘጋጀችው። በጨው ውሃ ከተበጠበጠ ይበላሻል፣ በግሉኮስ ብቻ ነው እያለች፣ እየወዘወዘች፣ ሰቀለችው። ሽማግሌው በጀርባቸው ተኝተው፣ በርኖሳቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ቀና ብለው አዩት። መድኃኒቱ ቢጫ ነው።

«ልጄ» አሉት ሐኪሙን። «ይህ ምንድን ነው?»

«መድኃኒትዎ ነው፣ አባባ።»

«ቢጫ ነው።»

«አዎ።»

«ድፍርስም ነው።»

«አዎ፣ መልኩ ነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጠበቡ። ሰውነታቸው ያልቅ እንጂ ዓይናቸው የከብት ነጋዴ ዓይን እንደሆነ ነው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቅቤ ሲነጠር አይቻለሁ። ይህ የቅቤ ዘመድ ነው።»

በዚህ ጊዜ ማንኛውም አስተዋይ ሰው «አይደለም» ይላል። ሐኪሙ ግን በበሽተኛው ዓይን ተደንቆ፣ ጎበዝ ተማሪ እንዳገኘ አስተማሪ ፈገግ አለና፣ «በጣም ልክ ነዎት አባባ! ቅቤ አይደለም እንጂ በስብ የተጠቀለለ ነው» አለ።

ክንዳቸው፣ ያ ነርሷ መርፌ ልትሰካበት ያሰናዳችው ክንድ፣ እንደ ኤሊ አንገት በርኖሱ ውስጥ ገባ።

«ሁዳዴ መሆኑን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«እኮ የፍስክ ነዋ!»

«በአፍ አይደለም የሚገባው፣ በደም ሥር ነው።»

«ታዲያ ደሜ የማን ነው? ደሜ ክርስቲያን አይደለም?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ባለኝ ጥበብ ሁሉ ወጣሁ። «አባባ» አልሁ፣ «ስቡን እንደ ታንኳ ይዩት። መድኃኒቱ ነው ተሳፋሪው። ጣናን በታንኳ የተሻገረ ሰው ታንኳውን በላ ይባላል?»

ጥቂት አሰቡ። «ታንኳው ተሻግሮ ዳር ይቀራል። ይህ የት ነው የሚቀረው?»

ተማሪዎቼ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኝ ቢያውቁ ኖሮ ሥራ በለቀቅሁ።

ነርሷ ጣልቃ ገባች። «ተበጥብጧል እኮ! እስከ ማታ ካልገባ መደፋቱ ነው። ሌላ እስኪመጣልን ደግሞ…» አለችና ሐኪሙን አየችው። ሐኪሙ የሽማግሌውን ሆድ አየ። አማቴ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ወደ እኔ ብቻ ዞረች።

«ሂድና የነፍስ አባታቸውን አምጣልኝ። አሁኑኑ።»

የነፍስ አባታቸው የይፋግ አካባቢ ቄስ ናቸው። በባጃጅ በረርሁ። በረርሁ ስል ማጋነኔ አይደለም፤ ጎማው መሬት የነካው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ቅዳሜ በመሆኑ ቅዳሴው በጠዋት ወጥቶ፣ ቄሱን ከገበያው ዳር ሞፈር ሲመርጡ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጾሙ ሲገባ ታመሃልና ወተት ጠጣ ብዬ ፈቅጄለት ነበር። ‹እሺ አባ› ብሎ ለውሻው ነው የሰጠው። ውሻው ወፍሯል።»

«እንግዲያው ይድረሱልን አባ!»

«እደርሳለሁ። ሞፈሩን ግን አልተወውም፤ ጥሩ እንጨት ነው።»

ሞፈሩም ተሳፈረ። በባጃጇ በግራ ገብቶ በቀኝ ወጣ፤ በአስፋልቱ ላይ ታንክ መስለን ስናልፍ የጭነት መኪናዎቹ ዳር እየያዙ አሳለፉን።

ቄሱ ገብተው መስቀል አሳለሙ፤ በሽተኛው ሁሉ ተሳለመ። ከዚያ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ፈትቼሃለሁ፤ ውሰደው» አሉ።

«እርስዎ ቢፈቱኝ እኔ አልፈታሁም አባ። ዕድሜዬን ጾሜ ጾሜ፣ በስተርጅና ቅቤ በደም ሥሬ ይዤ እፊቱ ልቁም?»

ቄሱ ከእርሳቸው ጋር መከራከር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «ለመሆኑ ስቡ የምን ስብ ነው?»

ይህን እስካሁን የጠየቀ አልነበረም። ሐኪሙ ግንባሩን አሻሸ፣ ጣራውን አየ፣ ከዚያ ፊቱ ፈካ። «ከአኩሪ አተር ነው! አብዛኛው ስቡ ከአኩሪ አተር ነው የሚወጣው!»

«አተር!» አሉ ቄሱ። «አተርማ የጾም ነው!»

አማቴ እልል አለች። ከማዶ የተቀመጡት አስታማሚዎችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ሽማግሌው አመኑ፤ ክንዳቸው ቀስ እያለ ከበርኖሱ ወጣ፣ ክርኑ ድረስ ታየ። ነርሷ ጥጥ በአልኮል ነክራ ቀረበች።

«ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም» አለ ሐኪሙ።

እግሩን ልረግጠው ነበር፤ አልጋው መካከላችን ስለሆነ አልደረስሁበትም። በዓይኔ ለመንሁት፣ በቅንድቤ ለመንሁት። አላየኝም። «ስቡን የሚያጠነክር ሌላ ነገር ይገባበታል፤ ኮሌስትሮል ይባላል። እርሱ ብዙውን ጊዜ ከበግ ጸጉር ቅባት ነው የሚወጣው» አለ፣ ኅሊናው ንጹሕ ሆኖ።

«ከበግ!»

ክንዱ ተመልሶ ገባ። ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡ። ነርሷ የተሰቀለውን ቢጫ መድኃኒት አየች፣ ሰዓቷን አየች። እኔ ሊቃውንቱን በልቤ ረገምሁ፤ በዓለም ላይ ስንት ነገር ሲኖር በግ ምን አስነካቸው? የሽማግሌው ከንፈር ደርቋል፤ ትኩሳቱ እንደገና እየወጣ ነው፤ ያየ ሁሉ ያውቃል።

አማቴ ተነሣች። በትዳሯ ሁሉ ባሏን በሰው ፊት ቀና ብላ ተናግራቸው አታውቅም። መጣችና የበርኖሳቸውን ጫፍ ጨብጣ ወደ ላይ አነሣችው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«በርኖሴ ነዋ።»

«ከምን ተሠራ? ከማሽላ?»

ሽማግሌው በርኖሱን ወደ አገጫቸው መልሰው ሳቡት።

«ከምን ተሠራ እኮ ነው የምልዎ!»

«ከ… በግ ጸጉር» አሉ፣ ወደ ግድግዳው።

«ጎሽ! ስንት ሁዳዴ ሙሉ በግ ለብሰው ሲጸልዩ፣ በግ ተከናንበው ቤተ ስኪያን ሲሳለሙ፣ አንድ ቀን ፈታሁ ብለው ንስሐ ገብተዋል? ወይ ይህን አውልቁልኝ፣ ወይ ያን አስገቡልኝ!»

ክፍሉ ሁሉ ፈነዳ። ጎን አልጋ ላይ የነበረ፣ መተማ ለአጨዳ ሄዶ ታሞ የመጣ ጎልማሳ ሆዱን ይዞ «አታስቁኝ፣ ጣፊያዬ!» እያለ ይጮሃል። ቄሱ ጥምጥማቸው እስኪዘም ሳቁና እንባቸውን ጠረጉ።

«አባ» አሉ ሽማግሌው፣ እርዳታ ፍለጋ። «ምን ይላሉ?»

«ልጄ፣ በዚህች ሴት ላይ የምጨምረው የለኝም።»

ሽማግሌው በርኖሱን ዳሰሱት፣ ጠርዙን በጣታቸው አሹት፣ ከዚያ ቀና ብለው ቢጫውን አዩት። ጭንቅላታቸው ውስጥ ዳኝነት ሲካሄድ ከውጭ ይታያል። በመጨረሻም ክንዳቸውን አወጡ፤ አሁን እስከ ትከሻው ድረስ።

«በውጭ ሲለበስ የጾም ከሆነ፣ በውስጥ ሲለበስም የጾም ነው» አሉ። «ግን አልበላሁትም። ለብሼዋለሁ። ይህን ሁላችሁም መስክሩ።»

መሰከርን። ነርሷ መርፌውን ሰካች። ቢጫው ጠብ፣ ጠብ እያለ መውረድ ጀመረ፤ እኛ ሁላችን እንደ ዓውደ ምሕረት ሕዝብ ቀና ብለን እናየዋለን። ስለ ራቁቱ መድኃኒት የሰማሁትን አልረሳሁምና መንቀጥቀጡን እጠብቃለሁ። ብርድ ልብስ ሁለት ይዤ ቆሜአለሁ። አልመጣም። ልባቸውም አልጋለበ፣ አላስታወካቸውምም። አጋማሹ ሲወርድ ሽማግሌው፣ «መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉ።

«እያለቀ ነው እኮ አባባ!»

«ይህ ነው? ያ የፊተኛው መርፌ አጥንቴን ሲገባበት እሰማው ነበር፤ ይህ እንደ ሌባ ነው የሚሄደው። አሁን ወዴት ነው?»

የምወደው ጥያቄ መጣ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። «ወደ ጣፊያዎ ነው። እዚያ ያለፈውን ሁሉ የሚውጥ ሆዳም አለ፤ በሽታው ያደፈጠው በእርሱ ሆድ ውስጥ ነው። አሁን ስቡን ያያል፣ ይጎመጃል፣ ዋጥ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ከስቡ ውስጥ ይወጣና በሽታውን አንገቱን ይይዘዋል።»

«ስብ ብሎ ይውጠዋል?»

«ይውጠዋል።»

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ!»

ፊታቸው ላይ ከስንት ጊዜ ወዲህ ያላየሁት ነገር መጣ። ጥርሳቸው ነው። «ይበለው!» አሉ። «እንዲያ ከሆነ የፈታው እርሱ ነው፤ እኔ ምን አደረግሁ!» ቄሱን ጠርተው ይህንኑ ደገሙላቸው፤ ለጎን አልጋው ጎልማሳ ነገሩት፤ ነርሷ ግሉኮሱን ልትነቅል ስትመጣ ለእርሷም ነገሯት።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ በተሰቀለ ቁጥር ክንዳቸውን አስቀድመው አሰናድተው የሚጠብቁት እርሳቸው ሆኑ። አንድ ጠዋት ስገባ ግንባራቸው ቀዝቅዟል። ሌላ ጠዋት ስገባ ከአማቴ ጋር ይጣላሉ፤ ሽሮው ቀጠነ ነው ጠቡ። አማቴ ወጥታ ከግቢው ግንብ ሥር አለቀሰች። «ምነው እናቴ?» ስላት «ሽሮ ቀጠነ አሉኝ እኮ! ምግብ ጣማቸው እኮ!» አለችኝ። ወረታ ስመለስ መምህራን ክፍል ውስጥ ይህንኑ ሳወራ፣ በእኔ አፍ ሽማግሌው አንድ ድስት ሙሉ ሽሮ ከነድስቱ በሉ።

ክረምቱ አልፎ፣ ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ፣ ሩዙ ሲቢጫጭ ለመጨረሻው ምርመራ ይዣቸው ሄድሁ። ሐኪሙ አስተኝቶ ሆዳቸውን ገልጦ በግራ ጎናቸው ጣቶቹን ከጎድናቸው ሥር ሰደደ። በረጅሙ ይተንፍሱ አላቸው፤ ተነፈሱ። ሌላ ጎን ሞከረ። ወደ ጎን አጋደላቸው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ጣቶቹን ብቻ አያለሁ፤ ያ ሦስተኛ ወንበር የምናወጣለት ክፉ እንግዳ እንዳይመለስ ብዬ።

«ፈልግ ልጄ፣ ፈልግ» አሉት ሽማግሌው ጣራ ጣራውን እያዩ። «ካገኘኸው ውሰደው፤ ለአዲስ አበባ ዘመዶችህ ስጦታ ይሁንህ።»

ሐኪሙ እጁን አነሣ። ያ የማይዋሽ ሰው ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «የለም» አለ። «ምንም አይዳሰስም። ድነዋል፣ አባባ።»

እርሱ ነው ይህን ያለው፤ እኔ ብናገረው ማን ያምነኛል?

ወረታ ስንወርድ ባጃጆች ከበቡን። ሽማግሌው በእጃቸው አራቋቸውና ዱላቸውን ለእኔ አቀበሉኝ። ቀበቷቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው በሩዙ ማሳ መካከል ባለው ድንበር ላይ ወደ መንደራቸው ቀጠሉ። እከተላለሁ ብዬ ተነሣሁ። መጀመሪያ ጀርባቸውን አያለሁ፤ ቆይቶ በርኖሳቸውን ብቻ፤ ቆይቶ ከከብቶቹ ጋር የተቀላቀለ አንድ ጥቁር ነገር። ላቤ ተንቆረቆረ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ ዱላቸውን ተደግፌ ድንበሩ ላይ ቁጭ አልሁ። ሩዝ የምታጭድ አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችኝ።

«ውይ መምህር! ታመው ነበር ሲባል እኔኮ ሽማግሌውን መስሎኝ። ለካ እርስዎን ኖሯል?»

«አዎ እናቴ፣ እኔን ነው» አልኋት፣ ትንፋሼን እየሰበሰብሁ። «እርሳቸውማ ያውልሽ፣ ከማዶ።»